የፕሮቶታይፕ መሣሪያ ምርጫ፦ ለራሴ የያዝኩት ማስታወሻ

ስለ ስክሪን መንደፊያ ፕሮግራሞች «ፊግማ ይሻላል ወይስ ሌላ?» ከማለቴ በፊት አንድ መስመር መጻፍ አለብኝ፦ ይህ ፕሮቶታይፕ (አፑ ከመሠራቱ በፊት የሚሞከር ናሙና) የትኛውን ጥርጣሬ ነው የሚያጠራልኝ? ይህ ካልተጻፈ መሣሪያው የሚመረጠው በዝናው ብቻ ነው።

ጥርጣሬው «ተጠቃሚው ከየት ተነስቶ በየት በኩል የት ይደርሳል?» ከሆነ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ቡድኑ በአንድ ክፍል የማይቀመጥ ከሆነ ረቂቅ ስክሪን መሳያው ባልሳሚክ አለ። ባልሳሚክ ሁሉንም ነገር በእጅ የተሞነጫጨረ የሚያስመስለው አውቆ ነው። ስክሪኑ ካማረ ተመልካቹ ስለ ቀለም ማውራት ይጀምራል፤ የገጾቹ ቅደም ተከተል ይረሳል። ገና ባልተወሰነ ሐሳብ ላይ የተዋበ ስክሪን ማቅረብ ራስን በራስ ማሰናከል ነው።

ስክሪኖቹ መልክ ይዘው መያያዝ ሲጀምሩ ፊግማ ይቀናል። በብሮውዘር ስለሚሠራ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ያለው ሰው አብሮ ይገባል፤ ስኬች በተባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ መንደፍ ግን ማክ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ፊግማ ላይ የሚናደደው በስማርት አኒሜት (ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ያለውን ለውጥ በእንቅስቃሴ በሚያሳየው) ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው። አንድ ካርድ ሲነካ አድጎ ስክሪኑን እንዲሞላ ተፈለገ እንበል። ፊግማ በሁለቱ ፍሬሞች (ይዘት በሚይዙት ሳጥኖች፣ እዚህ ሁለቱ ስክሪኖች) ያለው ካርድ ያው አንዱ መሆኑን የሚለየው በሌየሩ (በንድፉ ውስጥ ያለ የእያንዳንዱ ነገር ንብርብር) ስምና በተቀመጠበት ተዋረድ ነው። በአንደኛው ፍሬም «ካርድ»፣ በሁለተኛው «ካርድ 2» ከተባለ፣ ወይም በሁለተኛው ላይ ብቻ ግሩፕ (አብረው የታሰሩ ነገሮች) ውስጥ ከገባ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ማደጉ ይቀርና አንዱ እየደበዘዘ ሌላው ብቅ ይላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ስክሪን ከባዶ አለመሥራት ነው። የመጀመሪያውን ፍሬም አባዝቶ፣ ስም ሳይነኩ መጠኑንና ቦታውን ብቻ ቀይሮ፣ ሁለቱን ማያያዝ፤ ከዚያ ስማርት አኒሜት፣ ኢዝ አውት (ወደ መጨረሻው የሚዘገይ እንቅስቃሴ)፣ 300 ሚሊ ሰከንድ። ከ500 ካለፈ አፑ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል።

ስክሮል እምቢ ሲልም እዳው ገብስ ነው። በስክሪኑ ውስጥ ያለ ዝርዝር ለብቻው እንዲሸበለል ከተፈለገ፣ የያዘው ነገር ግሩፕ ሳይሆን ፍሬም መሆን አለበት፣ ፍሬሙም ከይዘቱ ማጠር አለበት። ግሩፕ ከይዘቱ ጋር አብሮ ስለሚለጠጥ የሚሸበለል ትርፍ አይኖረውም።

ፊግማ የሚያታልለው ቅጽ ላይ ነው። በተለመደው ፕሮቶታይፑ ውስጥ የጽሑፍ ሳጥን የሳጥን ሥዕል ነው፤ ቢነካ ቀድሞ የተሞላ ስክሪን ይመጣል እንጂ ፊደል አይቀበልም። ፕሮቶታይፑን የሚሞክረው ሰው፣ ማለት ተፈታኙ፣ ስሙን ሊጽፍ ሲል ስክሪኑ የማያውቀውን ስም ሞልቶ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰጠው አስተያየት ስለ ቅጹ ሳይሆን ስለ ግራ መጋባቱ ነው። ጥርጣሬው «ሰው ምዝገባው ላይ የት ይሳሳታል?» ከሆነ አክሹር ይሻላል። ሳጥኑ በእርግጥ ይጻፍበታል፣ «ባዶ ከሆነ ይህን የስህተት መልእክት አሳይ» የሚል ሁኔታም ይቀበላል። ዋጋው የመማሪያ ጊዜ ነው፤ ለውበትም እንደ ፊግማ እጅ አይመችም። የስልኩን ማዘንበል ወይም ማይክሮፎን የሚጠቀም ሐሳብ ሲሆን ደግሞ ወደ ፕሮቶፓይ መሄድ ነው።

የማጣሪያ ገጽም ሌላ ወጥመድ ነው። አራት ማብሪያ ማጥፊያዎች ብቻ ቢኖሩ፣ ሁሉንም ሁኔታ በፍሬም ለማሳየት 16 ስክሪን ያስፈልጋል፤ አምስተኛው ሲጨመር 32። አንድ ቃል በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም መዞር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ፊግማ በ2023 ያመጣቸው ቫሪያብሎች (ማብሪያው በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚለውን የሚያስታውሱ) ይህን በአንድ ስክሪን ይጨርሱታል። የፊግማ ነጻ እቅድ የትኛውን አገልግሎት እንደሚከለክል ግን ሥራው ሳይጀመር ማየት ያስፈልጋል።

መሣሪያው ቢዘጋ ወይም ቢሸጥ መውጫ በሩንም አያለሁ። ኢንቪዥን የዲዛይን አገልግሎቱን በ2024 መጨረሻ ዘግቷል። አዶቢ ኤክስዲ የተባለውን የንድፍ ፕሮግራሙን ለብቻው መሸጥ አቁሟል። አዶቢ ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ በመስከረም 2022 ተስማምቶ፣ በታኅሣሥ 2023 ስምምነቱ ፈርሷል (ወሮቹም ዓመታቱም በፈረንጆቹ)። መሣሪያው የማን እንደሚሆን በእጃችን አይደለም፤ ፋይሉ ግን በከፊል በእጃችን ነው። የስኬች ፋይል በውስጡ ጄሰን (መረጃ በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) የያዘ ዚፕ (የታመቀ ፋይል) ስለሆነ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው ይችላል። ሌላው የንድፍ ፕሮግራም ፔንፖት ክፍት ምንጭ ነው (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው)፣ በራስ ሰርቨር ላይ ይጫናል፣ በኤስቪጂና (የሥዕል ቅርጽ) በሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ መግለጫ) ደረጃዎች ላይ የተመሠረተ ስለሆነም ለዴቨሎፐር የሚሰጠው ነገር ትርጉም አያሻውም። ለረጅም ዕድሜ ፕሮጀክት ይህ ከአኒሜሽን ይበልጥብኛል። በፊግማ ከቆየን ደግሞ በየምዕራፉ ዋና ስክሪኖቹን በኤስቪጂ አውጥቶ ማስቀመጥ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ሙከራ ሲደርስ መሣሪያው ራሱ ውጤቱን እንዳያበላሽ። የምስል ክብደት ቀዳሚው ነው፦ 390 ፒክስል ስፋት ላለው ፍሬም፣ ባለ ሦስት እጥፍ ጥራት ስክሪን ላይ 1170 ፒክስል ይበቃል። 4000 ፒክስል ፎቶ የጫነ ፕሮቶታይፕ ስልክ ላይ ሲንቀረፈፍ ተፈታኙ ንድፉን ነው የሚወቅሰው። በተኖች በአፕል መመሪያ 44 ፖይንት፣ በጉግል 48 ዲፒ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው) ካልደረሱ በማውስ ችግሩ አይታይም፣ በአውራ ጣት ነው የሚጋለጠው፤ ስለዚህ በኮምፒውተር ብቻ ተሞክሮ አለቀ አይባልም። ጽሑፉም አፑ በሚቀርብበት ቋንቋ ይሁን። በላቲን የተሞላ የውሸት ጽሑፍ የመስመር ከፍታና የበተን ስፋት ችግርን ይደብቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፊግማ ተጠቃሚው ባዶ ቦታ ሲነካ የሚነኩትን ቦታዎች በሰማያዊ ያበራል፤ ይህ ለተፈታኙ መልሱን መንገር ስለሆነ ከማሳያው አማራጮች ላይ ይጥፋ። ሌላው ለተፈታኞች የሚላከው ሊንክ ነው። ሊንኩ የሚያሳየው በዚያች ሰዓት ያለውን ፋይል ነው፤ ሙከራው እየሄደ አንዱ ዲዛይነር በተን ቢያንቀሳቅስ አምስተኛው ተፈታኝ ከአንደኛው የተለየ ነገር ይፈተናል። ለሙከራ የሚሆነው ፋይል ለብቻው ተባዝቶ፣ ጥርጣሬውና ቀኑ በስሙ ላይ ተጽፎ፣ ማንም እንዳይነካው የማየት ፈቃድ ብቻ ይሰጠዋል።