ሳይነበብ የተመለሰው ረቂቅ

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ደብሊን፣ ኪልዴር ስትሪት ላይ ዝናብ ያዘኝ። የአየርላንድ ፓርላማ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሜ ሜሪ ሮቢንሰንን አሰብኳት። በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነችዋን ሳይሆን፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ገና በ25 ዓመቷ ሴናተር ሆና የገባችውን ወጣት።

ቤት እንደገባሁ የዚያን ዘመን ታሪኳን ሳነብ አመሸሁ። በ1971 ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሆና የወሊድ መከላከያ እንዲፈቀድ ረቂቅ ሕግ አቀረበች። ከ1935 ጀምሮ መሸጡም ወደ አገር ማስገባቱም በሕግ የተከለከለ ነበር። የደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ የተቃውሞ ደብዳቤ በየቤተ ክርስቲያኑ ተነበበ። ለእሷም የስድብ ደብዳቤ ይጎርፍላት ጀመር። ገና አዲስ ሙሽራ እኮ ናት! ምክር ቤቱ ደግሞ ረቂቁ እንዲታተም እንኳ አልፈቀደም። ተከራክረውበት ቢጥሉት አንድ ነገር ነው። ይሄ ግን ሳይነበብ ነው የተመለሰው። አንጀቴን ያቃጠለኝም ይሄ ነው።

እሷ ግን አልተወችውም። ሌላ ረቂቅ ይዛ ተመለሰች፣ ያም ወደቀ። በ1979 የወሊድ መከላከያ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ተፈቀደ። ኮንዶም ያለ ሐኪም ወረቀት መሸጥ የተቻለው በ1985 ነው። ከመጀመሪያው ረቂቅ 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በዚህ መሃል ስንቷ እናት በላይ በላዩ ወልዳ ደክማ ይሆን? ይህን እያሰብኩ ሻዬ ሳልነካው ቀዘቀዘ።