አራተኛው ክፍል የለም

ትናንት ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም። «ዶክተር ሁ» የሚባለውን የድሮ የእንግሊዝ ተከታታይ እያየሁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1966 የተላለፈውን «አሥረኛዋ ፕላኔት» የሚባለውን ታሪክ። አራት ክፍል ነው። ሦስቱን አየሁ። አራተኛው የለም።

ታሪኩ ደቡብ ዋልታ ላይ፣ በረዶ ውስጥ በተቀበረ የጠፈር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ነው። የምድር መንታ የሆነች ሞንዳስ የምትባል ፕላኔት ብቅ ትላለች፤ ሳይበርመኖች ከእሷ ይመጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት እዚህ ነው። ድሮ እንደኛው ሰው ነበሩ። ሰውነታቸው ሲደክምባቸው በብረትና በፕላስቲክ ተኩት፣ ስሜትንም ድክመት ነው ብለው ከውስጣቸው አወጡት። ፊታቸው በጨርቅ ተሸፍኗል፣ እጃቸው ግን ያው የሰው እጅ ነው። በኋላ የመጡት ሙሉ ብረት ለባሾች ይህን ያህል አይረብሹኝም። ያንን እጅ ሳይ ግን ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ፖሊ የምትባለዋ ልጅ ሰው ሊሞት ነው፣ አይገዳችሁም ወይ ብላ አንዱን ትሞግተዋለች። እሱም በዚያ ከፍ ዝቅ በሚል እንግዳ ድምፁ፣ በእናንተ ዓለም በየቦታው ሰው እየሞተ ነው፣ እናንተም ግድ የላችሁም ይላታል። እዚህ ጋ አቁሜ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

የተከታታዩን ዋና ሰው፣ ዶክተሩን፣ የሚጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ነው። ከ1963 ጀምሮ ሦስት ዓመት ተጫውቶታል። ይህ ታሪክ ሲሠራ 58 ዓመቱ ነበር፤ ስታዩት ግን ሽማግሌ ነው። ሦስተኛው ክፍል ሲቀረጽ ታሞ ቀርቷል፣ ንግግሩን ለሌሎቹ አከፋፈሉት። አራተኛው ላይ ተመልሶ ይህ አሮጌ ሰውነቴ ሳስቷል ይላል። መጨረሻ ላይ መንኮራኩሩ ውስጥ መሬት ይወድቅና ፊቱ በነጭ ብርሃን ተውጦ የሌላ ተዋናይ፣ የፓትሪክ ትራውተን ፊት ሆኖ ይወጣል። ዋናው ሰው ፊቱን ቀይሮ ታሪኩ ይቀጥላል። ተከታታዩ እስከ ዛሬ የቆየው በዚያች ደቂቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያችን ክፍል ነው እንግዲህ ያጠፏት። ቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር፤ ቢቢሲ የተላለፈውን እያጠፋ ሌላ ይቀዳበታል፣ ቅጂ ፊልሞቹንም አይፈለጉም ብለው ይጥሏቸዋል። ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚባል ነገር በሌለበት ዘመን ማን ደግሞ ያየዋል ብለው ነው። ከዚህ ተከታታይ ብቻ ከ90 በላይ ክፍሎች ጠፍተዋል። ፊቱ የሚለወጥባት ቁራጭ የተረፈችው «ብሉ ፒተር» የሚባል የልጆች ፕሮግራም በ1973 ስላሳያት ነው። ድምፁ ደግሞ ሙሉውን አለ፤ ቤታቸው ተቀምጠው በቴፕ የቀዱት ተመልካቾች ናቸው ያተረፉት። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያ ድምፅ ላይ የካርቱን ሥዕል ሠርተው በዲቪዲ አወጡት። እኔ ካርቱኑን ትንሽ አየሁና ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ አዳመጥኩ።

ያጠፋውን ሰው ልናደድበት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም።

በ1987 ዓ.ም. እማዬ ጅዳ ነበረች። ስልክ አይቀመስም፣ ስለዚህ በካሴት ነበር የምታወራን፤ ሰው ሲመጣ ትልካለች። አያቴ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ ታስከፍተዋለች። እማዬ «ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ» ብላ ትጀምራለች። ከኋላዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል፤ እየሠራች ነበር የምታወራው። የመጀመሪያዋን ካሴት አጎቴ ማንም እንዳይቀዳባት ብሎ ከላይ ያሉትን ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብሯቸው ነበር።

እኔ 11 ዓመቴ ነው። ከሬዲዮ ዘፈን መቅዳት አማረኝ፣ ባዶ ካሴት የለም። ወረቀት ቀድጄ አጣጠፍኩና ቀዳዳዎቹ ውስጥ ወተፍኩ። ቀይዋን ቁልፍ ከማጫወቻው ጋር አንድ ላይ ተጫንኳት። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፣ ሰምተነዋል አይደል፣ ሌላ ትልካለች ብዬ ነው። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ጥቂት ሴኮንድ ተርፋለች። «አያታችሁን አታስቸግሩ፣ እሺ» ትልና ቀጭ። የ28 ዓመት ሴት ድምፅ ነው። ዛሬ ከእኔ በብዙ ታንሳለች።

አያቴ አልተቆጣችኝም። ካሴቱን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ደወልኩላት። በጠዋቱ ምን ሆነህ ነው ብላ ደነገጠች። ደህና ነኝ፣ ያኔ በካሴቱ ምን ምን ነበር የምትይን አልኳት። «ምን እላለሁ፣ ያው የሁላችሁንም ስም እየጠራሁ ሰላም እላለሁ» አለችና መጥራት ጀመረች። አያቴን አስቀደመች፣ ከዚያ አጎቴን፣ ከዚያ እኛን እንደየዕድሜያችን፣ ከዚያ ጎረቤቱን በሙሉ፣ ያሉትንም የሌሉትንም።