የአባባ ስም በአሜሪካኖች ወረቀት ላይ

አያቴ አባባ ኮሪያ ዘምተው እዚያ መቁሰላቸውን በቤታችን የማያውቅ አልነበረም። ማስረጃ የሚሆን ቁራጭ ወረቀት ግን አልነበረንም። ክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ከጦሩ ወጡ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ከአሜሪካ ጎን ተሰልፎ ሰሜን ኮሪያን የወጋ ሰው ያንን ታሪኩን ቢደብቅ ይሻለው ነበር። እማማ ፎቶውን ከግድግዳ አወረዱት፣ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመሩት፣ ሜዳሊያውን በበርበሬ ማሰሮ ቀበሩት። ሜዳሊያው ዛሬ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ አለ። ሰማያዊና ነጭ የነበረው ጥብጣቡ በርበሬ ጠጥቶ ቀልቷል።

አባባ ስለ ጦርነቱ አይናገሩም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው። እኛ ልጆች «ጋብሪ!» ብለን ስንጮህ፣ ከተቀመጡበት ተነስተው ተረከዛቸውን ገጥመው በወታደር ሰላምታ ቀጥ ይሉልናል። ከዚያ ይስቃሉ። የጨዋታ ስም ይመስለን ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ። ካቻምና አክስቴ ስትደውል «የአባዬን ነገር ሳልሞት አንድ ወረቀት ፈልግልኝ፤ አንተ እዚያው ነህ» አለችኝ። አሜሪካ ያለ ሰው ሁሉ ነገር በእጁ ይመስላቸዋል ብዬ ትንሽ ተከፋሁ። እሷ ግን ትክክል ነበረች።

መጀመሪያ የጻፍኩት የአሜሪካ ወታደሮች የግል ማኅደር ወደሚቀመጥበት ወደ ሴንት ሉዊስ ነው። ተሳስቼ ነበር። እዚያ ያለው የራሳቸው ሰው ማኅደር ነው፤ እሱም ቢሆን በ1973 እ.ኤ.አ. በተነሳ ቃጠሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይል ወድሟል። የኢትዮጵያዊ ወታደር የግል ማኅደር የነበረው በገዛ ጦሩ እጅ፣ አዲስ አበባ ነው። መንገዱ የተከፈተልኝ ሌላ ነገር ሳውቅ ነው፤ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው ቃኘው ሻለቃ እዚያ ለብቻው አልተዋጋም፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድቦ ነበር። ሬጅመንቱ በየወሩ ሪፖርት ይጽፍ ነበር፣ የእኛም ሰዎች እዚያ ውስጥ አሉ። ወረቀቱ የሚገኘው ኮሌጅ ፓርክ፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ከቤቴ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአጠገቡ ተመላልሻለሁ።

ለመመርመር ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ይህን የምጽፈው የእኔ ዓይነት አያት ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ነው። መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ የተመራማሪ ካርድ በነጻ ይሰጧችኋል። ቦርሳ፣ ኮትና እስክሪብቶ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ በእርሳስ ነው የሚጻፈው። በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ብልጭታውን አጥፍቶ። የምትጠይቁት ምድብ 407 በሚባለው የመዝገብ ክፍል ውስጥ ያለውን የሬጅመንቱን ሪፖርት ነው። ግራጫ ካርቶኖቹን በጋሪ እየገፉ ሲያመጡልኝ፣ ሌሊት ሠርቼ እንቅልፍ ያልነካው ዓይኔ በደንብ ተከፈተ።

ከዚያ የራሴ ስህተት ሁለት ቀን በላኝ። አክስቴ «አባዬ የቆሰለው በአርባ አራት፣ በመስቀል ሰሞን ነው» ብላኛለች። እኔ 8 ደመርኩና የ1952 እ.ኤ.አ. መስከረምን አስወጣሁ። ገጽ በገጽ አነበብኩ። የሻለቃው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ይላል። ማታ ለአክስቴ ስነግራት «አስፋው ማነው? አባዬ የሚያወራው ስለ ተሾመ እርገቱ ነው» አለች። ያኔ ነው የገባኝ። ተሾመ እርገቱ የመጀመሪያው ቃኘው አዛዥ ናቸው፤ ሻለቃው ሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ገባ። በሚቀጥለው ዓመት በሁለተኛው ቃኘው ተተካ። እኔ የማነበው አባባን የተኩትን ሰዎች ታሪክ ነበር። የእኛ አዲስ ዓመት ከመስከረም ይጀምራል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያ ገደማ ላለው ቀን የሚደመረው 7 ነው። የመስከረም 44 ሳጥን በፈረንጅ 1951 የሚል ነው።

ትክክለኛው ሳጥን ሲመጣ ደግሞ የስም ጣጣ ቀረ። የአባባ ስም በ«ገብረ» ይጀምራል። ይህን አንድ ቃል ፈረንጅ ስንት ዓይነት አድርጎ እንደሚጽፈው ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በአንዱ ገጽ ጂ-ኢ፣ በሌላው ጂ-ኤች-ኢ፣ በሌላው ጂ-ዩ-ኢ። ከስሙ ግማሹን ለብቻው ቆርጠው የአባት ስም ያደረጉበትም አለ። ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የሞቱት አጽማቸው ወደ አገር ተመልሷል። ስማቸው ግን እዚህ ገጽ ላይ እንደ ገና ዳቦ ተቆራርሶ ተቀምጧል። አንድ ታይፒስት ድካሙን ተቋቁሞ የሰማውን እየጻፈ እንደነበር ይታየኛል፤ አልፈርድበትም። ብቻ ልጅ መጥቶ ይፈልገዋል ብሎ አላሰበም።

ከሪፖርቱ ኋላ በተያያዘ ስስ ወረቀት ላይ የቁስለኞች ዝርዝር አገኘሁ። ማዕረግ፣ ቀን፣ ስም። ስድስተኛው መስመር ላይ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ አር፣ አይ ይላል። ቀጥሎ የስማቸው ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያ የአባታቸው ስም፣ በተጣመመ ፊደልም ቢሆን ያለ ጥርጥር የቅድመ አያቴ ስም።

«ጋብሪ»።

እዚያ ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። አባባ ቀጥ ሲሉልን የሚመልሱት ለእኛ አልነበረም።

ወደ መኪናዬ ወጥቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። ለአክስቴ ማዕረጉንና ቀኑን አነበብኩላት። ስሙን ግን ፈረንጁ እንደጻፈው አድርጌ ጠራሁት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «አቤት በለው» አለችኝ፣ «አባዬ ቢኖር አቤት ይል ነበር»።

ፎቶውን በስልክ እንዳልክላት ከለከለችኝ። በወረቀት ታትሞ፣ ሰው ይዞላት እንዲመጣ ትፈልጋለች።