ቀኝ ያውላችሁ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! እንደ ልማዴ ዘግይቻለሁ። ብዙዎቻችሁ ቀድማችሁኝ መልካም ምኞታችሁን ልካችኋል። እኔ ግን "ዓመቱን ሙሉ ቀኝ ያውላችሁ" ብዬ ጀመርኩና እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

ግራኝ ነኝ። ማለቴ፣ ነበርኩ። በቀኝ ያስጻፈችኝ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እርሳስ በግራዬ ባነሳሁ ቁጥር "ነውር ነው!" ትልና ጣቶቼን መታ ታደርጋለች። ሲብስባት እጄን በጨርቅ ታስረዋለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ እሷንም ያሳደጓት እንደዚያው ነው። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ እንደሚሆን የነገራት የለም። ቋንቋችንም ቢሆን ከእሷ ጋር ነው፤ ስንመርቅ ቀኝ፣ መላው ሲጠፋን ግራ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በዚያችው "ነውር ነው" በምትል ቃል ሌላም ነገር አስተምራኛለች። 7 ዓመት ገደማ ሲሆነኝ መስኮት ሰበርኩና ጥፋቱን በጎረቤታችን ልጅ ላይ አላከክሁ። ልጁ ተገረፈ። አክስቴ ስትደርስበት አልመታችኝም። እጄን ይዛ በራቸው ድረስ ወሰደችኝና ሁሉም እየሰሙ "እኔ ነኝ" አስባለችኝ። ያ በር አሁንም ይታየኛል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊዮት ቱሪየልና የእሱን መንገድ የተከተሉ ሰዎች፣ ልጆች እነዚህን ሁለት ዓይነት ነውሮች ይለያሉ ይላሉ። "መምህሯ ብትፈቅድስ?" ተብለው ሲጠየቁ፣ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ከተባለው ቦታ ውጭ መቀመጥ ያን ጊዜ ችግር የለውም ይላሉ። ሰው መምታት ግን ቢፈቀድም ልክ አይደለም። ደስ የሚል ነገር ነው። ታዲያ የባህል ተመራማሪው ሪቻርድ ሽዌደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን አወሳሰቡት። ሕንድ ውስጥ በቡባነሽዋር፣ አባቱ በሞተ ማግስት ፀጉሩን ተቆርጦ ዶሮ የበላ የበኩር ልጅ ከከባዶቹ ጥፋተኞች ተርታ ተመደበ። ቺካጎ ላይ የተጠየቁት ደግሞ ጥፋቱ አልታይ አላቸው።

እኔም ጥያቄውን ለራሴ አቀረብኩት። አክስቴ "በግራህ ጻፍ" ብትለኝ ኖሮ? በደስታ! "ዋሽተህ ሌላውን አስገርፍ" ብትለኝስ? እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ግን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልቤ ውስጥ ያስቀመጠችው ራሷ አይደለችም እንዴ? የቡባነሽዋሩም ሰው እኮ የእኔን ያህል እርግጠኛ ነበር። እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

ዘንድሮ አክስቴ ሞተች። ከዚያ በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ማንኪያ በግራዋ መያዝን እንደ ሕፃን ተማረች። አንድ ማታ እጇን ዘርግታ ስታየው ቆየችና "ይኼ እጅ እኮ ምንም አላደረገም" አለችኝ።

ዝም አልኩ።

"አስሬብህ ነበር አይደል?"

"ቆየ እኮ፣ እትዬ።"

"ነውር ሠርቻለሁ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያፍታታሽ "ጎበዝ እማዬ" ስትያት ለነበርሽው፣ እድሜ ይስጥሽ። እህቴ፣ ሥራሽን ትተሽ አራት ወር አጠገቧ አደርሽ፤ በስልክ "እንዴት አደረች?" ማለት ብቻ የማውቀውን እኔንም ቻልሽኝ። አንተ የጎረቤታችን ልጅ፣ ቀብሯ ላይ መጥተህ ትከሻዬን ያዝክ። ስለ መስኮቱ አላነሳህም። አመሰግናለሁ።

ለቀራችሁት ደግሞ ጤና፣ ሰላም፣ የሞላ ቤት። ልጅ ለምታሳድጉ አንድ ተጨማሪ ምኞት አለኝ፤ "እኛስ እንዲሁ አይደል ያደግነው?" የምትለዋ መልስ ዘንድሮ አፋችሁ ላይ ትጥፋባችሁ።

ይህን መልእክት መጀመሪያ ወረቀት ላይ በግራዬ ነው የጻፍኩት። ፊደሉ ተንጋዷል፣ መስመሩም ወደ ላይ ሸሽቷል። "ቀኝ ያውላችሁ" የምትለዋን ግን ልሰርዛት አልቻልኩም።