ሽቦ ያልገባባቸው ሺሞች

ጋሼ አይተውኝ ዝም አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከውስጤ አልወጣ ያለው ነገር ይኼ ነው።

ያኔ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ጋራዥ ሥራ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ የሠራሁት መኪና ላይ ነው። እንደ ሞተር ሳይክል በኮርቻ የሚነዳውን ባለ አራት ጎማ ሞተር የነካሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ጋሼ ግን ዕድሜያቸውን በሞተር የፈጁ ሰው ናቸው። እጃቸውን እያየሁ ነበር የምማረው።

አንድ ደንበኛ ሆንዳ 400 ኢኤክስ የሚባለውን ባለ አራት ጎማ፣ የ2004 ሞዴል፣ ይዞ መጣ። የኋላው ሾክ አብዞርበር ደክሟል። ኮርቻውን ተጭነው ሲለቁት ሦስት ጊዜ ይዘላል። ዘንጉ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሯል። ሰውየው "አዲስ አልፈልግም፣ ይኸው ይታደስልኝ" አለ። ልክ ነበር። ዘንጉ ካልተጫረ፣ የደከመውም ሲሉ (ዘይቱን የሚያግተው ላስቲክ) እና ዘይቱ ብቻ ከሆነ፣ አዲስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሞላውን አወረድኩ። ሾኩ ውስጥ የታመቀውን ናይትሮጅን ጋዝ አስተነፈስኩ። ይኼ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ውስጡ 150 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ታምቆ እያለ ክዳኑን የያዘውን ክሊፕ የሚነካ ሰው በዓይኑ እየፈረደ ነው። ዘንጉን ስስበው አብሮ የወጣው ዘይት እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል።

ከዚያ ፒስተኑን የያዘውን ዳዶ ፈታሁ። ፒስተኑ ላይ የተደራረቡትን ስስ የብረት ቀለበቶች፣ ሺሞቹን፣ በሁለት ጣቴ ጨብጬ ላወጣ ስል አመለጡኝ። ዘይት የነካው ሺም ያሟልጫል። ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ።

ሽቦ ማስገባት ነበረብኝ። ሺም ከመውጣቱ በፊት ቀጭን ሽቦ አጠገቡ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ በወጣበት ተራ ሽቦው ላይ ይሰካል። ይኼን ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት አሳይተውኛል። የዚያን ቀን ቸኮልኩ።

ዘይቱ በፒስተኑ ቀዳዳ ሲያልፍ እነዚህን ስስ ክቦች አጉብጦ ነው የሚያልፈው። ቶሎ ከታጠፉ ኋላው ይለሰልሳል። እምቢ ካሉ ይደርቃል። የ0.10 እና የ0.15 ሚሊሜትር ሺም ልዩነት በዓይን አይያዝም፣ ማይክሮሜትር ይፈልጋል። ለካሁ። ውፍረታቸውን ለየሁ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኳቸው። አንዲት ትንሽ ሺም ግን ቦታ አጣሁላት። ከሌሎቹ ትናንሾች ጋር መጨረሻ ላይ ጨመርኳት። ቦታዋ ከትልልቆቹ መሃል ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ትልልቆች መታጠፊያ ክፍተት የምትሰጣቸው እሷ ነበረች።

ጋሼ ከጎኔ ሞርሳው ጋ ቆመው ነበር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ምንም አላሉም። ዝምታቸውን እንደ ማረጋገጫ ወሰድኩት።

አዲስ ሲልና ኦሪንግ የሚባለው ክብ ላስቲክ ገባ። ዘይት ሞላሁ። የአየር አረፋ እስኪያልቅ ዘንጉን ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀስኩ። ናይትሮጅን ተሞላ። ገጠምኩና ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ሰውየው ተመልሶ መጣ። ቅዳሜ ራምፓርት ሬንጅ ተራራ ላይ ወጥቶበት ነበር። "ትንሽ ድንጋይ እንኳ ሳገኝ ከኮርቻው ያነሳኛል። ሁለቴ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር" አለኝ። አልጮኸብኝም። ክርኑ ላይ ፋሻ ነበረበት። ዓይኔን ከፋሻው ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ሄዶ ሲጨርስ ጋሼ መጡ።

"ትንሿ ሺም ናት" አሉ።

"የትኛዋ?"

"መጨረሻ ላይ የጨመርካት። ስትጨምራት አይቼህ ነበር።"

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። "አይተውኝ ነው ዝም ያሉት?"

"ብነግርህ በሳምንቱ ትረሳዋለህ። አሁን አትረሳም።"

"ጋሼ፣ ሰውየው ቢሞትስ?"

እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። የጠሩ ጣቶች ናቸው፣ ግን ደጋግመው ጠረጉ። "ይደርቃል እንጂ ይጥለዋል ብዬ አላሰብኩም" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም።

ያን ቀን ሾኩን እንደገና ፈታሁት። ጋሼ ሽቦውን ራሳቸው ቆርጠው ሰጡኝ። እስክጨርስም አጠገቤ ቆመው ባትሪ አበሩልኝ። ሒሳቡን ሰውየው አልከፈለም። ዘይቱንና ሲሉን ማን እንደሸፈነ የጋራዡን ባለቤት ጠየቅሁት። "ጋሼ" አለኝ።

አከብራቸዋለሁ። ሙያዬን ያወረሱኝ እሳቸው ናቸው። ያን ዝምታ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። የሰው ክርን የእኔ መማሪያ መሆን አልነበረበትም። አትረሳም ማለታቸው ደግሞ እውነት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ሳላዘጋጅ ሺም አውጥቼ አላውቅም። ይኼም ያናድደኛል።

ባለፈው ወር አዲስ የገባ ልጅ የያማሃ ሾክ ፈቶ፣ ዳዶውን አውልቆ፣ ጣቱን ወደ ሺሞቹ ሰደደ። ሽቦ የለም።

"ቆይ!" አልኩ። ጋራዡ በሙሉ ዞረ። ልጁ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። ሽቦ ቆርጬ ሰጠሁትና ተራውን አሳየሁት።

ቀና ስል ጋሼ ከወዲያኛው ጫፍ ያዩኛል። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው። ትንሽ አዩኝና መነጽሩን መልሰው ዓይናቸው ላይ አወረዱት። ወደ ሥራቸውም ዞሩ።