የተጣለው ናሙና

አክስቴ በግራ ጡታቸው ላይ ያገኙትን እብጠት የነገሩኝ፣ እርሳቸው ካወቁት ከሰባት ወር በኋላ ነበር። ለምን እስከዚያ ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው «ምን ላድርግ ልጄ፣ አያመኝም እኮ» አሉኝ። በእኛ ቤት ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲያመው ነውና በመልሳቸው ልቆጣ አልቻልኩም። የጡት ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሕመም በሌለው፣ ጠጠር ባለ እብጠት ነው፤ ቁስሉ፣ የቆዳው መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባትና የብብት ንፍፊት ብዙ ጊዜ የሚመጡት ዘግይተው ነው። አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር አይደሉም፤ ሆኖም የትኛው ምን እንደሆነ በእጅ በመዳሰስ ብቻ ሐኪምም ቢሆን ለይቶ መናገር አይችልም።

ይሁን እንጂ ከእነዚያ ሰባት ወራት ይልቅ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ሕክምና ከጀመርን በኋላ የሆነው ነው። መጀመሪያ የወሰድኳቸው በሰፈራችን ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ ሲሆን፣ እዚያም «ስብ ነው» ተብለው፣ በአካባቢ ማደንዘዣ እብጠቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተቆርጦ ወጣላቸው። የወጣው ሥጋ ወዴት እንደሚላክ አልጠየቅሁም፤ የትም አልተላከም። እንዲያውም ተገላገልን ብዬ፣ በመንገዳችን ላይ ማር ገዝቼ ነበር ወደ ቤት የመለስኳቸው። ከአራት ወር በኋላ በጠባሳው ሥር ሌላ እብጠት፣ በብብታቸውም ንፍፊት ወጣ።

በኋላ በሄድንበት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ታግሠው እንዳስረዱን፣ ሥርዓቱ ከዚህ ተቃራኒ መሆን ነበረበት። በቅድሚያ ሐኪም ጡቱንና ብብቱን ይመረምራል፤ ቀጥሎ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ወይም አልትራሳውንድ ይነሣል (የወጣት ሴቶች ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለእነርሱ አልትራሳውንዱ ይመረጣል)፤ ከዚያም ከእብጠቱ ላይ ወፈር ባለ መርፌ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ፎርማሊን በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ ወዲያው ይነከርና ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ወደሚታዩበት የፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል። ቢላዋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምንነቱ ሳይታወቅ የተቆረጠ እብጠት፣ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ፣ ጠርዙ ከካንሰር ሕዋስ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ አይታወቅም፤ ናሙናው ከተጣለ ደግሞ የበሽታው ማንነት አብሮ ይጣላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዕቅድ አንዲት ሴት ሐኪም ካየችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቆ ውጤቷን እንድታውቅ ግብ አስቀምጧል፤ የእኛ ከዚህ እጥፍ በላይ ፈጀ።

የበሽታው ማንነት ስል ስሙን ብቻ ማለቴ አይደለም። ፓቶሎጂው ካንሰር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ ሕዋሳቱ የኤስትሮጅንና የፕሮጀስትሮን ሆርሞን ተቀባይ እንዳላቸው፣ ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲንም በርክቶባቸው እንደሆነ በተጨማሪ ምርመራ ይታያል። ሆርሞን ተቀባይ ካላቸው እንደ ታሞክሲፌን ያለ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ይጠቅማል፤ ሄር-2 ከበዛባቸው ትራስቱዙማብ የሚባል ውድ መድኃኒት አለ፤ ሦስቱም ከሌሉ ሸክሙ በዋናነት የሚወድቀው የካንሰር ሕዋሳትን በሚገድለው መድኃኒት፣ በኬሞ ላይ ነው። ስለዚህ «የጡት ካንሰር» ተብለው አንድ ወረፋ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የተለያየ ሕክምና ሊታዘዝላቸው ይችላል፤ የአንዷን መድኃኒት ለሌላዋ መምከር የማይገባውም ለዚህ ነው።

የአክስቴ ውጤት ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ሄር-2 የሌለው የሚል ነበር። ካንሰሩ ወደ ብብት እንጂ ወደ ሳንባም ሆነ ወደ ጉበት አልደረሰም። እብጠቱ እንዲቀንስ በመጀመሪያ ኬሞ ወሰዱ፤ ቀጥሎ ጡታቸው ከብብት ንፍፊቶቹ ጋር በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ በመጨረሻም ጨረር ታዘዘላቸው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላው አገሪቱ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል። ስለ ኬሞው ብዙ አልጽፍም፤ ፀጉራቸው ሲረግፍ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ቤተ ክርስቲያን መሳለማቸውን አላቋረጡም። ጠበላቸውንም አልተዉም፤ ሐኪሟም ቀጠሮ እስካላስቀረ ድረስ አልከለከሏቸውም።

አሁን የቀረው ታሞክሲፌኑ ነው፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመት በየቀኑ ይዋጣል። ከሌሎቹ ሁሉ ርካሹ ሕክምና ቢሆንም ለማቋረጥ ግን በጣም የሚፈትነው እርሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ እያሰበ፣ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ የሚያመጣበትን ኪኒን ለዓመታት መዋጥ ይታክተዋልና። አክስቴ የጠዋት ቡናቸው ሲቀርብ ከረከቦቱ ጎን ያስቀምጡታል። የፓቶሎጂ ውጤታቸውን ደግሞ ከዕድር ደብተራቸው ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል፤ ሐኪም በተቀየረ ቁጥር የሚጠየቀው እርሱ ነውና፣ ለቀጠሮ ስንወጣ «እንዳታጥፊው» ብለው በእጄ ያስይዙኛል።