ሁለተኛው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1997 ጋዜጠኛው ጄረሚ ፓክስማን በቢቢሲው «ኒውስናይት» ፕሮግራም ላይ የቀድሞውን የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን አንድ ጥያቄ 12 ጊዜ ያህል ጠየቃቸው። የእስር ቤቶቹን ዋና ኃላፊ «ውሳኔህን እሽረዋለሁ» ብለው አስፈራርተውታል ወይስ አላስፈራሩትም? ሃዋርድ ስለ ሥልጣናቸው ወሰንና ስለተቀበሉት የሕግ ምክር ብዙ ተናገሩ፤ ጥያቄው ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። ብዙ ሰው ይህን ቃለ መጠይቅ የቁጣ ምሳሌ አድርጎ ያነሳዋል። ፓክስማን በኋላ እንደተናገረው ግን ቀጥሎ ሊቀርብ የነበረው ዘገባ አልደረሰም ነበር፤ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጊዜውን እንዲያራዝም ተነግሮት ነው የቀጠለው።

እኔን የሚገርመኝ ጥያቄው ያን ሁሉ ድግግሞሽ መሸከሙ ነው። በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ምላሹም «አዎ» ወይም «አይ» ከመሆን አያልፍም። ጀማሪ ጋዜጠኛ መጀመሪያ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ ዝግ ጥያቄ እንዳይጠይቅ ነው። ቃለ መጠይቅን ለብዙ ጋዜጠኞች ያስተማረው ካናዳዊው ጆን ሳዋትስኪም ይህን አጥብቆ ይናገራል፤ «ምን»፣ «እንዴት»፣ «ለምን» ብሎ መክፈት፣ ሁለት ጥያቄ በአንድ አለማጨቅ፣ የራስን አስተያየት ጥያቄ ውስጥ አለመቅበር። ትክክል ነው፤ አስተያየትና ምክንያት ሲፈለግ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የተፈጸመ ነገር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ፈርመዋል ወይስ አልፈረሙም? በዚያ ስብሰባ ላይ ነበሩ ወይስ አልነበሩም? እዚህ ላይ ዝግ ጥያቄ ተገቢ ነው፣ ሰነዱ ጠያቂው እጅ ላይ እስካለ ድረስ። ሰነድ ከሌለ ተጠያቂው «አይ» ይላል፤ ጉዳዩም እዚያው ይዘጋል።

የፖለቲካ ጋዜጠኛ የሙያ ዘመን በሙሉ የሚለካው በሁለተኛው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ያገኘዋል፤ የሚኒስትሩ አማካሪዎችም ከሁለት ቀን በፊት ገምተውታል፣ መልሱንም አስጠንተዋቸዋል። ሁለተኛው የሚወለደው ከመልሱ ውስጥ ስለሆነ አስቀድሞ ሊጠና አይችልም። ጋዜጠኛው ግን ሊዘጋጅበት ይችላል።

ዝግጅቱ እንዲህ ነው። ለአንድ ርዕስ አንድ ገጽ ብቻ። ከላይ፣ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ተመልካቹ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር ይጻፋል። ከሥሩ ጥያቄው፣ ከ20 ቃል ሳይበልጥ። ከዚያ ገጹ አራት ቦታ ይከፈላል፦ ቢያምን፣ ቢክድ፣ በሌላ ቢያላክክ፣ ርዕስ ቢቀይር። በእያንዳንዱ ሥር ቀጣዩ ጥያቄ ይቀመጣል። በኅዳጉ ላይ ደግሞ ሰውዬው ከዚህ በፊት ያለው ቃል በቃል፣ ከቀኑ፣ ከቦታውና ከሰነዱ ገጽ ጋር። ቀን የሌለው ጥቅስ ዋጋ የለውም፤ «መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?» ተብሎ ሲጠየቅ ጋዜጠኛው ወረቀት ማገላበጥ ከጀመረ ሚዛኑ ወዲያው ይዞራል።

የሰዓቱንም ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል። ስምንት ደቂቃ 480 ሰከንድ ነው። ለማስተዋወቂያና ለማመስገኛ 30 ሰከንድ ይሄዳል። አንድ ጥያቄ 10 ሰከንድ፣ አንድ መልስ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ከወሰደ ቢበዛ ስምንት ጥያቄ ይቀራል፤ ሲቋረጥና ሲደገም ስድስት። ስለዚህ ሁለት ርዕስ ይበቃል። 20 ጥያቄ ይዞ የገባ ሰው የሚቀጥለውን ሲያነብ የአሁኑን መልስ አይሰማም። ይህ በጣም የተለመደው ውድቀት ይመስለኛል፤ እንግዳው ከባድ ነገር ያምናል፣ ጋዜጠኛው «ወደ ሌላ ጉዳይ ልለፍ» ይላል።

ማቋረጥም ልክ አለው። ገና በአምስተኛው ሰከንድ ከተቋረጠ ተመልካቹ ለእንግዳው ያዝናል፣ እውነቱም ነው። መጀመሪያ 20 ሰከንድ ያህል ይተዋል። መልሱ ወደ ጥያቄው እንደማይመጣ ግልጽ ሲሆን ሰውዬው አየር በሚስብበት ቅጽበት ማዕረጉን ጠርቶ መግባት ነው፦ «ክቡር ሚኒስትር፣ የጠየቅኩዎት ስለ ቀኑ ነው።» ድምፅ ከፍ አይልም። አንዳንዴ ደግሞ ከማቋረጥ ይልቅ መልሱ ካለቀ በኋላ ሁለት ሰከንድ ዝም ማለት ይሻላል። በቴሌቪዥን ሁለት ሰከንድ ረጅም ነው፤ እንግዳው ሊሞላው ይሞክራል፣ ያላሰበውንም ይጨምራል።

በዚህ ረገድ የአሜሪካዊውን ጋዜጠኛ የቲም ረስርትን አሠራር አጥብቄ አከብራለሁ። ረስርት ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤንቢሲ እ.ኤ.አ. በ1984 ከመግባቱ በፊት ሕግ ተምሮ ከሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃንና ከኒውዮርክ ገዥው ማሪዮ ኩሞ ጋር ሠርቷል። ፖለቲከኛ ለጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከውስጥ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ከዲሴምበር 1991 ጀምሮ «ሚት ዘ ፕሬስ» የተባለውን የቃለ መጠይቅ ፕሮግራም ሲመራ የያዘው ምክር ከቀድሞው አቅራቢ ከሎውረንስ ስፒቫክ የመጣ ነው፦ እንግዳው ስለያዘው አቋም ሁሉን አጥና፣ ከዚያ ተቃራኒውን ወገን ይዘህ ጠይቅ። የእንግዳውን የድሮ ቃል በጽሑፍ ስክሪን ላይ አውጥቶ ራሱ በዝግታ ያነበው ነበር፤ ከዚያ «አሁን ግን እንዲህ ይላሉ፤ ምን ተለወጠ?» ወደሚለው ይመጣ ነበር። ክርክሩ በእንግዳውና በእንግዳው መካከል ይሆናል፤ ጋዜጠኛው ስድብ አያስፈልገውም። ይህን ለመሥራት ጥቅሱ ከሦስት መስመር መብለጥ የለበትም፤ በመካከሉ የተቆረጠ ነገር ካለ ትርጉሙን እንደማይቀይር ሁለት ሰው አይቶ ያረጋግጣል፤ ዋናው ቪዲዮ ደግሞ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። አውዱ ተቆርጦ የቀረበ ጥቅስ እንግዳው አየር ላይ ካጋለጠው፣ የቀሩት እውነተኛ ጥቅሶች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ።

እንግሊዛዊው ጠያቂ ዴቪድ ፍሮስት የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያነጋግር በ12 ቀናት ውስጥ ከ28 ሰዓት በላይ ተቀርጿል። ለኒክሰን 600,000 ዶላር ተስማምቶ መክፈሉ ያኔም አስወቅሶታል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም የተከፈለው ሰው የሚሸጠው ነገር እንዳለው ያውቃል። ቃለ መጠይቁን ያዳነው ግን ፋይሉ ነው። ተመራማሪው ጄምስ ረስተን ጁኒየር፣ ኒክሰን ከአማካሪያቸው ከቻርልስ ኮልሰን ጋር የተነጋገሩበትን የቴፕ ግልባጭ ከመዛግብት አግኝቶ ነበር። ኒክሰን ይህ በጠያቂው እጅ መኖሩን አላወቁም። አንድ ሰው ወራት መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ያገኘው ወረቀት፣ ካሜራው ፊት በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ሠራ። ተመልካች የሚያየው የፊቱን ሰው ነው፤ ከኋላ ያለው ተመራማሪ ስሙ በመጨረሻ በፍጥነት ያልፋል። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስቱዲዮው ራሱ ሌላ ሸክም ነው። በአንድ ጆሮ እንግዳው ይናገራል፣ በሌላው ፕሮዲዩሰሩ። «ሁለት ደቂቃ»፣ «ጨርስ»፣ «ቪዲዮው ዝግጁ ነው» ከሚሉ አጫጭር ቃላት በላይ በጆሮ ማዳመጫው መናገር አይገባም፤ ወሳኙ መልስ በሚሰማበት ጊዜ ደግሞ ምንም። ይህን ከስርጭቱ በፊት መስማማት ያስፈልጋል። የደረት ማይክ ከሐብልና ከነጠላ ጋር ከተነካካ ይንኮሻኮሻል። እንግዳው በሳተላይት ከሆነ ምልክቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ይመለሳል፤ ጥያቄ ደርሶ መልስ እስኪመጣ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ጠያቂ ዝምታውን ማመንታት መስሎት ደግሞ ይጠይቃል፣ ሁለቱም አብረው ይናገራሉ፣ ሁለቱም አብረው ያቆማሉ። መድኃኒቱ አጭር ጠይቆ መጠበቅ ነው። እንግዳው ያመነታ እንዳይመስልም ተመልካቹን ማሳሰብ ተገቢ ነው፤ ፍትሕ ነው።

ይህ ሁሉ ከስቱዲዮ በፊት ባሉት ዓመታት ላይ ይቆማል። መልካም የፖለቲካ ጋዜጠኛ በጀት ማንበብ የተማረው ማንም በማያየው ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ ነው። አንድ ሚኒስትር «በጀቱን በ10 በመቶ አሳደግን» ሲል፣ በዚያው ዓመት ዋጋ በ12 በመቶ ከጨመረ በጀቱ እንደቀነሰ ወዲያው መረዳት አለበት። ምንጮቹንም የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ብዙዎቹ ዋና ጸሐፊዎች፣ የኮሚቴ ባለሙያዎችና የተሸነፉ እጩዎች ናቸው። ከምንጭ ጋር ያለው ውል ከንግግሩ በፊት ይደረጋል፦ ስም ተጠቅሶ ይወጣል፣ ስም ሳይጠቀስ ይወጣል፣ ወይስ ጭራሽ አይወጣም? «ስም ሳይጠቀስ» የሚለውን ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ይረዱታልና በግልጽ ቃል መነገር አለበት። ከተናገረ በኋላ «ይህ እንዳይወጣ» የሚል ባለሥልጣን መብት የለውም፤ ለሚዲያ አዲስ የሆነ ተራ ሰው ግን ርኅራኄ ይገባዋል። ከባለሥልጣን ጋር ማዕድ መቁረስም መልኩን ቶሎ ይቀይራል፤ ከዚያ ሰው ጋር የመጨረሻው ከባድ ጥያቄ መቼ እንደተጠየቀ ማስታወስ ሲያቅት ወዳጅነቱ ሥራውን በልቶታል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው የምርጫ ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2000 የአሜሪካ ጣቢያዎች በፕሬዚዳንት ምርጫው የፍሎሪዳን ግዛት ድል ገና በምሽቱ ለአል ጎር ሰጡ፣ ከዚያ መልሰው ወሰዱ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለጆርጅ ቡሽ ሰጡ፣ ሊነጋ ሲል ያንንም ሻሩ። ጣቢያዎቹ የሚወዳደሩ ቢሆኑም ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ የጋራ የመረጃ ምንጭ ስለነበር አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ተሳሳተ። ድምፅ ሰጥተው ከሚወጡ መራጮች የተሰበሰበው ናሙና ተዛብቶ ነበር፤ ቮሉሺያ በተባለው አውራጃ ደግሞ የኮምፒውተር ስህተት የጎርን ድምፅ ከ16,000 በላይ ቀንሶት ቆየ። በመጨረሻ ልዩነቱ 537 ድምፅ ሆነ። በዚያ ሌሊት ረስርት በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ «ፍሎሪዳ» እያለ ሦስት ጊዜ ጽፎ ማሳየቱ ይታወሳል፤ ከሚያብረቀርቀው ግራፊክስ ሁሉ ያ እስክሪብቶ ነገሩን በተሻለ አስረዳ።

ስህተት ሲፈጠር የሚታረመው ስህተቱ በወጣበት ፕሮግራም፣ በራሱ በተሳሳተው ሰው አፍ ነው። ምን ተብሎ እንደነበር አንድ ጊዜ፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ፣ ከየት እንደተረጋገጠ አንድ ጊዜ። ሰበብ አይጨመርም። ከ20 ሰከንድ አይበልጥም፣ ወደ ፕሮግራሙ መጨረሻም አይገፋም፤ ዜናውን የሰማ ሰው እስከዚያ ድረስ ላይቆይ ይችላል።